በሁለት ሰው ልክ የተሰፋ ቤት

መጀመሪያ ያየሁት የበሩን ጉበን፣ ከራስ በላይ ያለውን ጣውላ ነው። በተቀረጸው እንጨት የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ከሌላው ተለይታ ጠቁራለች፤ ለስልሳ፣ ቅባት የጠጣች መስላ ታበራለች። ከደረጃው ግርጌ ያለችውን ክፍል ከተከራየሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። በስህተት እኔ ዘንድ የመጣ ደብዳቤ ላደርስ አርባ አንድ ደረጃ ወጥቼ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ በሩ ፊት ቆሜያለሁ። ወደ ቦታዋ ጠጋ አልኩ። ስንት ዓመት፣ ስንት እጅ ሲወጣና ሲገባ ዳብሷት ይሆን? ቤታቸውን እየዳበሱ የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ዘመንም አሉ ማለት ነው ብዬ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

በሩን የከፈቱልኝ ከዘራ የተደገፉ አጭር ሴትዮ ናቸው። በኋላ እንደ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ማለት ለመድኩ።

«ምን ታያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ይቺን ቦታ። እንዴት ታምራለች! ከእጅ ብዛት ነው አይደል?»

ቀና ብለው አዩዋት። «ከግንባር ብዛት ነው» አሉ። «ቤቱን ሊገዙ የመጡ ሰዎች ግንባር። የአምስት ወር ጥርቅም ነው። ግቢ፤ ግን ጎንበስ በይ።»

የመጨረሻዋን ቃል የሰማሁት ከተጋጨሁ በኋላ ነው። እንዲህ ሆነን ከቤቱ ጋር ተዋወቅን።

የቤቱ ጌታ፣ የእትዬ ባለቤት፣ አናጺ ናቸው። ቢጫ የብረት ሜትር ከቀበቷቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ቤቱን ሲገዙት ግድግዳና ጣራ ብቻ ነበር። በር የሚገባበት ቦታ ሁሉ፣ እንደማንኛውም ቤት፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ከፍቶ ይጠብቃል። ጋሽ ሜትር ይህን ክፍተት ሲያዩ ተናደዱ። የእሳቸው ቁመት አንድ ሜትር ከሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ የእትዬ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት። «ሰው ከራሱ በላይ ያለውን አየር ምን ያደርግበታል?» አሉ፤ መልስ የሚሰጥ ስላልተገኘም ሥራ ጀመሩ። የሰባቱንም በሮች ራስ በወፍራም ጣውላ ዘጉ። ጣውላውን ደግሞ ቀረጹት፤ ሐረግ፣ ቅጠል፣ በቅጠሉ መሀል የተደበቀች ወፍ። በየበሩ ያለችው ወፍ የተለየች ናት። አንዷ ክንፏን ትዘረጋለች፣ አንዷ ታንቀላፋለች፣ የመታጠቢያ ቤቷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ዞራለች፤ ጨዋ ወፍ ናት።

ከወፎቹ በታች ለሚያልፍ ሰው አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ተፈቅዷል። ልግስናው ያስገርማል። ከገዛ ቁመታቸው በላይ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ጨምረው ለተቀረው የሰው ዘር በሙሉ በነጻ አበርክተዋል።

ውስጡም እንደዚያው ነው። የወጥ ቤቱን ረጅም ጠረጴዛ ከመሥራታቸው በፊት እትዬን ቀጥ አድርገው አቁመው ክርናቸውን ለኩ፤ ጠረጴዛው ከክርናቸው ሦስት ጣት ዝቅ እንዲል። መብራት ማብሪያው ወገቤ ላይ ነው። በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ራሴን ሳይ ራስ የሌላት ሴት አየሁና ደነገጥኩ፤ የኔ ትከሻ ነው። የውጭው ደረጃ መደገፊያ እንኳ የተሠራው በእትዬ መዳፍ ልክ ነው። በቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። እጃቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ እቃው እዚያው አለ፤ የሚንጠራራ የለም፣ የሚያጎነብስ የለም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቤት ሳይሆን በልክ የተሰፋ ሱሪ ነው። ችግሩ የሰው ሱሪ ገዝቶ የሚለብስ ጠፋ።

ሽያጩ ለጨዋታ አልነበረም። የእትዬ ሁለቱም ጉልበቶች እንቢ ብለዋል። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳያዩ ነግሯቸዋል፤ የሚኖሩበትን ቤት አድራሻ ግን አልጠየቃቸውም። ሦስት ወር ሙሉ ወደ መንገድ አልወረዱም። ልጃቸው ከቤቷ ፊት ለፊት ምድር ላይ ያለች፣ መድረኳ እንኳ ከጣት የማይበልጥ ቤት አግኝታለች። የዚያ ቤት ባለቤት ሁለት ወር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፈላጊ አለው። ይህ ቤት በሁለት ወር ካልተሸጠ ያ ቤት የለም። እትዬ እንዳሉት፣ «እንደ ሥዕል ተሰቅዬ መቅረቴ ነው፤ ሥዕልስ አቧራውን የሚጠርግለት ያገኛል።»

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሜትር ወደ ክፍሌ ወረዱ። በሬን አላንኳኩም፤ ለኩት። ሁለት ሜትር ከአምስት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተማርሽ ነሽ አሉኝ። ምን ነበር የተማርሽው?»

«ሥነ ጽሑፍ።»

«እሱ ሥራ ነው?» ጫማዬን ማየት ስጀምር አዘኑልኝ። «ግድ የለም ልጄ። የቤቱን ማስታወቂያ ጻፊልኝ። ደላላዋ የጻፈችው እንደ መድኃኒት ወረቀት ነው።»

ጻፍኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ ይል ነበር፦ «ፀሐይ ከሁሉ ቀድማ የምታንኳኳው፣ ነፋስ ጫማውን አውልቆ የሚገባበት፣ ወፎች በየበሩ የሚያድሩበት ቤት ይሸጣል።» ሳነብላቸው ጋሽ ሜትር «ወፎቹን ጠቅሰሻቸዋል» አሉና መሐረብ አወጡ። እኔም የኔን ፈለግሁ። እትዬ ብቻ ከወጥ ቤት፣ «ስልኩስ አለበት?» አሉ። አልነበረበትም።

ስልኩ ተጨምሮ ወጣ። በማግስቱ ስልክ በስልክ ሆነ። አንዱ ወፎቹ ከሽያጩ በፊት ይባረራሉ ወይ ሲል ጠየቀ። አንዷ ነፋስ የሚገባው በጣራው ነው በመስኮቱ ብላ ጠየቀች፤ ጣራው ከሆነ ዋጋው ላይ እንነጋገር አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አርባ አንዱን ደረጃ ወጥተው፣ ተጋጭተው፣ ፀሐይዋን ጠበቁ፤ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ፀሐይዋ በወዲያኛው ጎን ነበረች። ውሸታሞች ብለውን ወረዱ።

ደላላዋ መጣች። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ለዚህ ቤት ብላ ስኒከር የገዛች፣ ምላሷ ከጋሽ ሜትር መጋዝ የማይተናነስ ሴት ናት።

«ገጣሚዋ» አለችኝ፣ «ስንት መኝታ ቤት እንዳለው የት ጋ ነው የጻፍሽው? ነፋሱ ጫማውን ያወለቀበት ጋ ነው?»

እሷ ይዛቸው የመጣችው አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና ሚስቱን ነበር። ሹፌሩ በጣም ረጅም ነው። ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ ከሱ ቀድሞ ደረሰ። ሚስቱ ከሳሎኑ መስኮት ከተማውን ቁልቁል ስታይ ፊቷ በራ፤ «ይኼን ሁሉ እያዩ መዋል!» አለች። እኔና ደላላዋ ተያየን፤ አለቀ ብለን።

አላለቀም። ጋሽ ሜትር አንድ እርምጃ ከኋላ፣ እንደ ጥላ ይከተላሉ። «ይቺ ዋንዛ ናት። ይቺን በኮላ ሳይሆን በእንጨት ችንካር ነው ያያያዝኳት፤ አንድ ምስማር ብታገኝ ቤቱን በነጻ ውሰድ።» ሰውየው ምስማር እየፈለገ ቀና ሲል የመኝታ ቤቱ ጉበን ተቀበለው። ቋ! የመግቢያውን ጨምሮ ሁለት። ወጥ ቤቱ ጋ ሦስተኛ።

«እግዜር ያሳያችሁ» አለ ግንባሩን ይዞ፣ «ይኼን በር ማን ነው የሠራው?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ሜትር። ደስ ብሏቸዋል፤ ሊመሰገኑ መስሏቸዋል።

«ለምንድን ነው እንዲህ ያጠረው?»

እዚህ ላይ ጋሽ ሜትር በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር አደረጉ። ሜትራቸውን ከቀበቷቸው መዘዙ። «ቀጥ በል እስቲ» አሉት። ሹፌሩ ከመገረሙ ብዛት ቀጥ አለ። ወንበር ላይ ወጥተው ከራሱ እስከ ተረከዙ ለኩትና ቁጥሩን ለሚስቱ አሳዩዋት፣ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንደሚያቀርብ።

«አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት! ያው እንግዲህ። በሩ ምን ያድርግ?»

«አባባ» አለ ሹፌሩ፣ «እኔ ቤት ልገዛ እንጂ ወታደር ልቀጠር አልመጣሁም።»

ሚስቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ቆማ ሞክራ ነበር፤ ወገቧ ታጥፎ። «እዚህ ላይ ሽንኩርት ለመክተፍ በጉልበቴ መንበርከክ ሊኖርብኝ ነው» አለች።

«እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከትፌበታለሁ» አሉ እትዬ ከወንበራቸው፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ምስክር።

ሰዎቹ ወጡ። ሹፌሩ በሩ ጋ ሲደርስ ግንባሩን እንደያዘ ወደ ላይ አየና «ወፏ ግን ታምራለች» አለ። ጋሽ ሜትር ያን ቀን ሙሉ ይህንን ብቻ ነበር የሰሙት።

ደላላዋ ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ፤ እንደዚያ ሆና ነበር የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ እውነቱን ልናገር። ዋጋው ከሰፈሩ ዋጋ በሩብ ይበልጣል።»

«የወፎቹ ነዋ።»

«ሰው ወፍ አልጠየቀም። ሁለት፣ ኮሪደሩ ጣውላና መላጊያ ተከምሮበት በጎን ነው የሚታለፈው፤ ገዢ የሚያየው የእርስዎን እቃ እንጂ ቤቱን አይደለም። ሦስት፣ ሰው ቤት ሲያይ ብቻውን መሆን ይፈልጋል፣ ከሚስቱ ጋር በጆሮ መንሾካሾክ ይፈልጋል፤ እርስዎ እንደ ፖሊስ ይከተሉታል። አራት፣ ገጣሚዋ።» ወደ እኔ ዞራ ተነፈሰች። «አራትን እተወዋለሁ። አምስት፣ በሮቹ።»

«ደረጃውስ?» አሉ እትዬ።

«ደረጃውን መቀነስ አይቻልም እትዬ። ዋጋውን ግን ይቻላል።»

ጋሽ ሜትር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ፈጽሞ አልሰሙም ማለት ግን ሐሜት ይሆንብኛል፤ በራሳቸው መንገድ ሰምተዋል። በማግስቱ የመግቢያውን ጉበን ጠርዝ ስፖንጅ አልብሰው በቆዳ ሸፈኑት፤ ዙሪያውን በቢጫ ራስ ምስማር ጌጥ አደረጉለት። አሁን ሰዎች የሚጋጩት በምቾት ነው። ቀጥሎ «እባክዎ ጎንበስ ይበሉ» የሚል ሰሌዳ ቀረጹ፤ ፊደሎቹ እንዴት እንደሚያምሩ ልነግራችሁ አልችልም። ሰሌዳውን የሰቀሉት ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ በራሳቸው ዐይን ልክ ነው። ስለዚህ የሚያነቡት ጎንበስ ማለት የማያስፈልጋቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ረጃጅሞቹ በራሳቸው ላይ እብጠት አውጥተው ሲቀመጡ ነበር የሚያገኙት።

አምስት ሳምንት በዚህ ሁኔታ አለፈ። የምድሩ ቤት ባለቤት ለልጃቸው ደውሎ ሦስት ሳምንት ቀርቷችኋል ብሏል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ክፍሌ ስመለስ ቀና ብዬ ደረጃውን አየሁ። እትዬ መሀሉ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸው ከእጃቸው አምልጦ እኔ በር ጋ ወርዶ ወድቋል። እየሮጥኩ ወጣሁ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቋል። «መንገዱን ላየው ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ወርጃለሁ። ሃያ ሁለት ይቀረኛል፤ ለከርሞ እደርሳለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?»

«ፀሐይዋ ቀድማ ስታንኳኳ ነው የወጣሁት» አሉ። ማስታወቂያዬን ነበር የሚጠቅሱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጎህ ሳይቀድ የወጡት ጋሽ ሜትር ከታች ብቅ አሉ። በብብታቸው የተጠቀለለ አዲስ ስፖንጅ ይዘዋል፤ ለሁለተኛው በር የገዙት። ሚስታቸውን ሲያዩ ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አላውቅም።

እትዬ ስፖንጁን አዩት። «ለጉልበቴ ነው» አሉ፣ «ወይስ ለሹፌሩ ግንባር?»

 ስፖንጁ ከጋሽ ሜትር ብብት አምልጦ እየተፈታ ወረደ። በግራና በቀኝ ደግፈን፣ በየሁለት ደረጃው እያረፍን፣ እትዬን ወደ ላይ መለስናቸው። ወጥ ቤት ገብተው ውሃ ከጠጡ በኋላ ግን አልተቀመጡም። በጠረጴዛው ተደግፈው ቆሙ።

«ለካኝ» አሉ።

«ምን?»

«ለካኝ ነው የምልህ። ያገሩን ሹፌር ሁሉ ስትለካ ከርመህ የለ? እኔን ከለካኸኝ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነህ።»

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን አወጡ። ለኩ። ቁጥሩን አዩና ሜትሩን መልሰው እንደገና ለኩ። ሦስተኛ ጊዜም። አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት። ከዚያ ሳይታዘዙ ክርናቸውን ለኩ። ጠረጴዛው ከክርናቸው ሦስት ጣት ዝቅ አላለም፤ ከክርናቸው እኩል ነው። እትዬ ለስንት ዓመት ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሲከትፉ እንደኖሩ እኔም ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ጠረጴዛው መስሎኝ ነበር ያደገው። እንጨት አይደል?» አሉ እትዬ። «አንተስ? ና ወዲህ።» ሜትሩን ተቀብለው እኔን ጫፉን አስያዙኝ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስድስት።

«ሜትሩ ተበላሽቷል» አሉ ጋሽ ሜትር።

«የለም። ሹፌሩን ሲለካ ደህና ነበር። እንግዲህ ንገረኛ፣ ይኼ ቤት አሁን ለማን ነው ልኩ?»

ለሁሉ ነገር መልስ የነበራቸው ሰው ሜትሩን ወደ ቀበቷቸው መለሱ። መሮአቸውን ይዘው ወደ መግቢያው በር ሄዱ። አንድ ነገር ሲሰበር እሰማለሁ ብዬ ጠበቅኩ። የተሰማው ግን ቀስ ያለ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ነበር። መሮውን በጨርቅ ጠቅልለው ችንካሮቹን አንድ በአንድ እየገፉ ያወጡ ነበር። አመሻሽ ላይ የመጀመሪያዋ ወፍ ከነሐረጓ ወረደች። በክፍተቱ ዙሪያ፣ ጣውላዋ ሸፍናው የኖረችው የግድግዳ ጠርዝ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፀሐይ ያላየ ነበር፤ አዲስ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ። ቀለሙን ሲያዩ እትዬ «ውይ፣ እኛ መጀመሪያ ሰማያዊ ነበርን እኮ!» አሉ።

ስምንት ቀን ፈጀ። ሰባቱ ወፎች ወረዱ። ጠረጴዛው እግር ተቀጠለለት፤ መስታወቱ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ማብሪያዎቹን ወደ ላይ አወጣ። ኮሪደሩ ተጠረገና ወዲያኛው ጫፍ መስኮት እንዳለ ታወቀ። ጋሽ ሜትር ራሳቸው ረስተውት ነበር። እትዬ ወንበር ላይ ሆነው አዛዥ ሆኑ፤ መብራት ለማጥፋት ከዘራቸውን ያነሳሉ፤ ራሳቸውን መስታወት ውስጥ ፈልገው ያጡታል።

«አይከብድዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን። «በገዛ ቤትዎ እንግዳ ሆኑ እኮ።»

«ደስ ነው የሚለኝ» አሉ። «የኔ እያለ እንዴት እወጣ ነበር? ከማላውቀው ቤት መውጣት ይቀላል።»

ዋጋው ላይ ትግል ነበር። ጋሽ ሜትር ወፎቹ ከወረዱ በኋላም የወፎቹን ዋጋ ይጠይቁ ነበር። ደላላዋ ስኒከሯን አጥልቃ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ በሦስተኛው «ጋሼ፣ ወፎቹን ይዘው ይሂዱ፣ ዋጋቸውንም ይዘው ይሂዱ» ስትላቸው፣ ነገሩ የታያቸው መሰለኝ፣ እጅ ሰጡ። እኔም ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍኩ፦ «ሦስት መኝታ ቤት፣ ከተማውን የሚያሳይ ሳሎን፣ ንጹሕ ወጥ ቤት። በሮቹ ሁለት ሜትር ከአሥር ናቸው። አርባ አንድ ደረጃ አለው።» ደላላዋ አንብባ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ይኼ ነው ግጥም» አለች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እንዲህ ያለ አስተያየት አግኝቼ አላውቅም።

የቀረው ጋሽ ሜትርን ከቤት ማስወጣት ነበር፤ ለዚህ ሥራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ገዢ በመጣ ቁጥር ከታች ያለው ሻይ ቤት ይዤያቸው እወርዳለሁ። የሻይ ቤቱን ጠረጴዛ ሁሉ ለክተው ጨርሰዋል፤ አንዱም ከሌላው እኩል አይደለም። «እንዴት ነው ሰው እዚህ ሻይ የሚጠጣው?» ይላሉ፣ ሦስተኛ ሻይ እያዘዙ። ዐይናቸው ግን ከደረጃው አይነቀልም።

አዲሱ ማስታወቂያ በወጣ በአምስተኛው ቀን ሹፌሩና ሚስቱ ደረጃውን ሲወጡ አየናቸው። ጋሽ ሜትር ብድግ አሉ፤ ጃኬታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከላይ የሆነውን የነገሩን እትዬ ናቸው፤ ከሳቃቸው የተነሳ ሦስት ጊዜ ነበር የጀመሩት።

«መጣ። በሩ ጋ ደረሰ። ሁለት ሜትር ከአሥር ክፍት ነው አይደል? ጎንበስ ብሎ ገባ! ባዶ አየር ላይ! ሚስቱ ‹ኧረ ቀና በል› ትለዋለች፣ እሱ ‹ተይኝ፣ ይኼን ቤት አውቀዋለሁ› ይላል። በሰባቱም በር እንደዚያ! ሁለተኛ ዙር ላይ ነው እጁን ወደ ላይ እየሰደደ አየሩን ዳብሶ ያመነው።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ከዚያማ እሷ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። መስኮቱ ጋ ቆመች። እሱ ወደኔ መጣና ‹እማማ፣ ወፏ የት ሄደች?› አለኝ።»

ጋሽ ሜትር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እንደ መታጠቢያ ቤቷ ወፍ። በማግስቱ ክንፏን የዘረጋችውን ወፍ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ቫርኒሽ ቀብተው፣ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ቁመቷን ሲወስኑ አየኋቸው፤ መሰላል ላይ ወጥተው ከወለሉ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ለኩ። እሳቸው ከሥሯ ሆነው ሊያዩዋት ማንጋጠጥ አለባቸው።

ቤቱ ተሸጠ። የምድሩ ቤት ባለቤት ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ደላላዋ በደስታ እትዬን አቅፋ ስትስም ስኒከሯ ተቀደደች፤ «ድርሻዋን ተወጥታለች» አለች ጫማዋን እያየች።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ሹፌሩ ከአንድ ባልደረባው ጋር መጥቶ እትዬን በወንበራቸው እንደተቀመጡ ተሸክሞ አወረዳቸው። «መጨረሻ ፌርማታ!» እያለ። እትዬ አሥራ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ አስቁመውት ዙሪያውን አዩና «በቃ፣ ሂድ» አሉት። መኪናው ከልጃቸውና ከእቃው ጋር ይዟቸው ሄደ። ጋሽ ሜትር ግን ቀሩ፤ የመግቢያዋን ወፍ በእጄ ካልያዝኩ ብለው ለመኪናው አልሰጡም። ሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ በእግር እሄዳለሁ አሉ።

ጣውላውን በትከሻቸው ላይ አድርገው ወረዱ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ያቺ በግንባር የጠቆረች ቦታ፣ ቆዳውና ስፖንጁ ተነስቶላት፣ ወደ እኔ በኩል ዞራለች፤ የኔም ግንባር ድርሻ አለባት።

«አዲሱን ቤት ትላንት ለክቼው መጣሁ» አሉኝ። «በሩ ሁለት ሜትር ከሃያ። እብድ ነው የሠራው።»

«ሊያሳጥሩት ነው?»

አሰቡ። «እሷ እሺ አትልም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «መደርደሪያዎቹን ግን እናያለን ተባብለናል። ክርኗን ለክቻለሁ። ከዘንድሮ ጀምሬ ደግሞ በየዓመቱ እለካዋለሁ።»

«ደህና ይሁኑ ጋሼ።»

«ደህና ሁኚ ልጄ። ያ ግጥምሽ፣ ስለ ደረጃው የሚለው፣ ጥሩ ነበር። ቁጥሩ ልክ ነው።»

ሄዱ። ከግቢው ወደ መንገድ የሚያወጣው ትልቅ የብረት በር ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው ላይ ያለው ጣውላ ከላይኛው ብረት ጋር ተጋጨ። ቋ! ቆሙ። ወደ ላይ አዩ። ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሜትራቸውን መዘዙ፣ የበሩን ቁመት ለኩ፣ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ ወፏን መልሰው ተሸከሟት፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ወደ መንገዱ ወጡ።